የሐጂ አብዱላሂ መራራ ጉድጓድ

ሐጂ አብዱላሂ የሞቱት ከእግራቸው ጀምረው ነው። መጀመሪያ ሆዳቸው ተገለበጠ፤ ቀጥሎ እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ ከዚያ እጃቸው፣ ከዚያ አንገታቸው። ዓይናቸውና ጆሯቸው ግን እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ደህና ነበሩ። ዝንብ ከንፈራቸው ላይ ስታርፍ እያዩ ማባረር አቃታቸው። በነገሌ ከብት ገበያ ወይፈን በቀንዱ ይዘው ያንበረክኩ ነበር የሚባልላቸው ሰው፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አንዲት ዝንብ አሸንፋቸው ሞቱ። እንዲህ ያለውን አሟሟት እንኳን ለወዳጅ ለጠላትም አይመኙት።

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ «ይህ መርዝ ነው» አለ። እሑድ ፖሊስ ቤቱን ፈተሸ። ሐጂ ታመው ተኝተውበት ከነበረው አልጋ ሥር ክዳን ያለው የውሃ ጆግ ተገኘ፤ ታችኛው ክፍሉ ላይ ነጭ ዝቃጭ ተኝቷል። ከወጥ ቤት፣ ከዱቄቱ ጆንያ ውስጥ ደግሞ ነጭ ዱቄት የያዘች ፌስታል ወጣች። ወጥ ቤቱ የማን ነው? የወጣቷ ሚስት የሸምሳ። እንግዲህ ምን ቀረ? ሸምሳ ታሰረች፤ ከተማውም ፍርዱን ሰጥቶ ወደ ጫቱ ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ወለተሐና ከሻኪሶ ተጠርታ መጣች። አባቷ ከሰሜን መጥተው ነገሌ የቀሩ ወታደር ነበሩ፤ እሷ ግን እዚያው ተወልዳ፣ ኦሮምኛውን ከገበያው ሴቶች እኩል ታቀላጥፈዋለች። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት መምህራን ኮሌጅ ገብታ ኬሚስትሪ ጀምራ ትታዋለች። መኪና ያጥወለውላታልና ከቦርሳዋ ሎሚ አይጠፋም።

«ያለቀ ነገር ነው» አላት አዛዡ። «አንቺ መዝገቡን አይተሽ ፈርሚ፣ ነገ ወደ ማረሚያ ቤት ትሄዳለች።»

«ካለቀ ለምን ጠራኸኝ?»

«ለወጉ።»

«እንግዲያው ለወጉ ልጠይቃታ» አለችና ሎሚዋን እያሸተተች ወደ እስር ክፍሉ ገባች።

ሸምሳ ገና ልጅ እግር ናት። ጡቷ ወተት አግቶ የቀሚሷ ደረት ረጥቧል። ጥግ ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች።

«ልጅሽ የት ነው እህቴ?»

«አዴ ፉዚያ ጋ፣ የባሌ እህት ጋ። ትልቁ ልጃቸው ዒምራን፣ የገዳይ ጡት አይጠባም፣ ልጁ የአባቱ ወገን ነው አለ። ነገ ከወሰዱኝ ከእንግዲህ አያሳዩኝም።» ልቅሶዋን ዋጥ አደረገች። «እኔን የፈለጉትን ያድርጉኝ። ልጄ ግን የእኔ ነው።»

«ዓርብ ምን ሆነ?»

«ከጁምዓ መልስ እንደ ወትሮው ሳሎን ተሰበሰቡ። ሐጂ፣ ወንድማቸው ኢያድ፣ አዴ ፉዚያ፣ ዒምራን። ሻዩን እኔ አፍልቼ በፔርሙስ ሰጠሁ። ሁሉም ከዚያው ጠጡ።»

«ማን ቀዳ?»

«ታናሽ አይደል የሚቀዳው? ዒምራን ቀዳ፤ ለሐጂም ስኳሩን አማሰለላቸው። ስኳሩን ኢያድ ነው ከሱቁ ያመጣው፤ ያዞሩት አዴ ናቸው።»

«ሻዩ በየትኛው ውሃ ነው የፈላው?»

ሸምሳ ጥያቄው ገረማት። «በዝናቡ ነዋ። የጉድጓዳችን ውሃ መራራ ነው፤ ሻይ ያበላሻል። ለሐጂ ሻይ ከቆርቆሮው የወረደውን በርሜል እናስቀምጣለን፤ በቁልፍ ነው።»

«ሲታመሙስ ምን አጠጣሻቸው?»

ሸምሳ አንገቷን ደፋች። «ከጉድጓዱ ስጪኝ ይሉኝ ነበር። አፋቸው እስኪተሳሰር ድረስ ሌላ ነገር አላሉም። የለመዱት ውሃ ነው፣ ሌላው አያረካቸውም። ዒምራን ግን፣ ያ ውሃ ሆዳቸውን ይብስ ያጥበዋል፣ ደርቀው ይሞታሉ፣ አንዲት ጠብታ እንዳትሰጫቸው ብሎ አስማለኝ። የተማረው እሱ ነው። እኔ የዝናቡን በማንኪያ ስሰጣቸው ጥርሳቸውን ነከሱብኝ።»

«ከሞቱ በኋላስ የት ነበርሽ?»

«ዒዳ ገባሁ። ባሏ የሞተባት ሴት የት ትሄዳለች? ከሴቶቹ መሀል ተቀመጥኩ። መጸዳጃ ቤት እንኳ ደግፈውኝ ነው የሄድኩት። የወጣሁት ፖሊስ ሲያወጣኝ ነው።»

ወለተሐና ሎሚዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሳች።

የሐጂ ግቢ ከከተማው ጫፍ ነው። ግራሩ ሥር ለቀስተኞች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አዴ ፉዚያ ሕፃኑን ታቅፈው ጡጦ ይዘው ይታገላሉ፤ እሱ ፊቱን እያዞረ ይጮኻል።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ?»

«ናጋ። ሰላምስ ከየት መጥቶ፣ ልጄ። ይኸው ይህ አልጠባም ብሎ ሊሞትብኝ ነው።»

ወለተሐና ከጉድጓዱ ባልዲ በጣሳ ቀዳችና ጎንጨት አለች። ምላሷን የሚይዝ መራራ ነው። እዚያው አጠገብ የተደፋው የልብስ ማጠቢያ ማሞቂያ ድስት ውስጡ ነጭ ቅርፊት አውጥቷል።

«አትጠጪው፣ ላልለመደ ሆድ ያሮጣል» አሉ አዴ ፉዚያ። «እኛማ ለምደነዋል። እንግዳ ሲመጣ ነው ጉዱ፣ ጫማ እንኳ ሳያደርግ ነው የሚሮጠው።» ትንሽ ሊስቁ አሉና የወንድማቸው ሞት ትዝ አላቸው።

«አዴ፣ ያን ጆግ ማን ሞላው?»

«የሕመሙን ጊዜማ ሸምሳ የዝናብ ውሃ ትሞላበት ነበር። ከሞተ በኋላ ደፋሁት። ሬሳ አጣቢዎቹ እጃቸውን ይለቃለቁበት ብዬ እኔው በእጄ ከጉድጓዱ ሞላሁት። የዝናብ ውሃ ለእጅ መታጠቢያ ይደፋል እንዴ? ግማሹ ሲተርፍ ከድኜ አልጋው ሥር መለስኩት።»

«ያን ጊዜ ነጭ ነገር ነበረበት?»

«ንጹሕ ነበር። ዓይኔ እኮ ገና አልፈዘዘም።»

«ይህን ለማን ነገሩ?»

«ማን ጠየቀኝ? ወንዶቹ ሲፈትሹ እኔን ከውጭ አስቀምጠውኝ።»

ልብ በሉ፤ አንድ ጣቢያ ሙሉ ፖሊስ ጆጉን እያገላበጠ ሲያይ፣ ጆጉን የሞላችውን ሴት አንድ ሰው አልጠየቃትም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏችኋል ይህ ነው።

ኢያድን ሱቁ አገኘችው። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ወፍራም፣ ቁጡ፣ አሁን ግን ፍርሃት ፊቱን አመድ አስመስሎታል። ምክንያት አለው፤ የአይጥ መርዝ ይሸጣል፤ ዒምራን ደግሞ በጆጉ ውስጥ ያለው ነጭ ነገር የአይጥ መርዝ መሆኑን ለፖሊስ መስክሯል።

«ሸምሳ ከእርስዎ ገዝታ ታውቃለች?»

«አይጥ ያለበት ሁሉ ይገዛኛል። እሷም፣ አዛዡም፣ መስጊዱም። ሁላችንንም እሰሪና።»

«አይቆጡ። ሐጂ ሲታመሙ አጠገባቸው ነበሩ?»

«ነበርኩ። ወንድሜ ውሃ ሲለምን አንጀቴ አልችል ብሎኝ ከጉድጓዱ በጣሳ ቀዳሁለት። ከንፈሩ ላይ ሳደርሰው ያ ልጅ እጄን በቡጢ መታው። ጣሳው ግድግዳ ላይ ነው ያረፈው። አጎቱን። በሞት አልጋ ላይ። አንተ መሃይም ትገድለዋለህ አለኝ። እኔም አፈርኩና ዝም አልኩ።» እጁን ዘረጋ፤ አውራ ጣቱ ሥር ገና ጠቁሯል።

ወለተሐና የአይጥ መርዙን አንድ እሽግ ገዛች። በሱቁ ባንኮኒ ላይ ቆንጥራ አስቀምጣ ሎሚ ጨመቀችበት። ዱቄቱ ችስ ብሎ አረፋ አወጣ። እሷም ባንኮኒውን ጠርጋ፣ አመስግና ወጣች። ኢያድ አብዳለች ብሎ እስከ መንገዱ በዓይኑ ሸኛት።

መምህር ዒምራን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተምራል፤ የሚኖረውም እዚያው የመምህራን ቤት ነው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ንግግሩ የተመጠነ ሰው ነው። የቤተ ሙከራው ቁልፍ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ፌስታሏ በተገኘች ዕለት ከዱቄቱ ቆንጥሮ ፖሊሶቹ ፊት እሳት ላይ ነስንሶ ነበር፤ ነበልባሉ እንደ ለጋ ጎመን አረንጓዴ ሆነ። «ባሪየም ነው፤ የአይጥ መርዝ ውስጥ ያለው ማዕድን» አላቸው። አዛዡ እስከ ዛሬ ያንን ነበልባል ያወራል።

«መምህር፣ እኔ መሃይም ነኝ» አለች ወለተሐና። «ባሪየም ማለት ምንድን ነው?»

ለመምህር ይህን ማለት ለተራበ ቁርስ ማቅረብ ነው። ጠመኔ አነሳ።

«የሁለተኛው ቡድን ብረቶች ይባላሉ። አንድ ቤተሰብ ናቸው። ከላይ ቤሪሊየም፣ ከዚያ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ስትሮንቲየም፣ ባሪየም፣ ከታች ራዲየም። ወደ ታች በወረድን ቁጥር አተሙ ይተልቃል፤ የውጭዎቹን ኤሌክትሮኖች አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ቁጣው ይብሳል። ማግኒዥየም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢገባ ዝም ይላል ማለት ይቻላል። ካልሲየም ይፈላል። ባሪየም ይብስበታል። ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን ጋር የሚሠሩት ሃይድሮክሳይድም እንዲሁ ነው፤ ወደ ታች ሲወርዱ በውሃ ይበልጥ ይሟሟል።»

«ሰልፌታቸውስ?»

ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ቆመ። ብዙም አልቆየም።

«ያው ነው። ወደ ታች ይበልጥ ይሟሟል።»

«ይገርማል» አለች። ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ነበር። ጠርሙሶቹ ሁሉ ገሚሳቸው ተበልቷል፤ «ባሪየም ክሎራይድ» የሚለው ብቻ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። «ከዚህ ትንሽ ቆንጥሬ ብወስድ ቅር ይልሃል?»

«ምን ሊያደርግልዎ?»

«ለወጉ።»

ፈገግ ብሎ ራሱ በወረቀት ቆንጥሮ ሰጣት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው፤ እሱም እየሳቀ፣ እሷም እየሳቀች ተለያዩ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሁሉንም ሐጂ ግቢ ሰበሰበቻቸው። አዛዡ መኪናውን ደጅ አቁሞ ሰዓቱን ያያል፤ ሸምሳን ከዚያው ሊወስዳት ነው። እሷ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆማ፣ አዴ ፉዚያ እጅ ላይ ካለው ልጇ ዓይኗን አልነቀለችም። ኢያድ ግራሩን ተደግፏል። ዒምራን ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል።

«ይህ ከኢያድ ሱቅ የተገዛ የአይጥ መርዝ ነው» አለች ወለተሐና። ሎሚ ጨመቀችበት፤ አረፋ አወጣ። «ይህ ደግሞ ከጆጉ ያገኘነው ዝቃጭ። መምህር የአይጥ መርዝ ነው ብሎናል።» ሎሚ ጨመቀችበት፤ ምንም አላለም። «የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ሙከራ ነው። መምህሩ ለምን አልሠራውም?»

አዛዡ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«አሁን የፌስታሏ ዱቄት። በዝናብ ውሃ ላይ ላድርገው።» አማሰለችው፤ ሟሟ፤ ውሃው ጥርት እንዳለ ቀረ። «የአይጥ መርዝ በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ ይህ ሌላ ነው። በሰው ሻይ ውስጥ የሚደበቀው እንዲህ ያለው ነው፤ አይታይም። አሁን ከጉድጓዳችሁ ትንሽ ልጨምርበት።»

ጨመረች። ጥርት ያለው ውሃ በዓይናቸው ፊት ወተት መሰለ፤ ትንሽ ቆይቶም ነጩ ነገር ወደ ታች መዝቀጥ ጀመረ። አዴ ፉዚያ «ያ ረቢ» አሉ ቀስ ብለው።

«መምህር ትናንት የእነዚህን ብረቶች ቤተሰብ ነግሮኛል፤ አሳምሮ ነው የነገረኝ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ዋሸኝ። ሰልፌት የሚባለው፣ ከድኝ ጋር የሚሠሩት ጨው ላይ ሥርዓቱ ይገለበጣል። የማግኒዥየሙ ሰልፌት በውሃ እንደ ልብ ይሟሟል፤ መድኃኒት ቤት ሆድ ለማጠብ የሚሸጡት መራራ ጨው እሱ ነው። የካልሲየሙ በጥቂቱ ይሟሟል። የስትሮንቲየሙ በጭንቅ። የባሪየሙ ጨርሶ እንቢ ይላል፤ ድንጋይ ይሆናል። ይህ ጉድጓድ ለምን ይመርራል? እንግዳን ለምን ያሮጣል? በማግኒዥየምና በካልሲየም ሰልፌት የተሞላ ስለሆነ ነው። ባሪየም እዚህ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሰልፌቱን ይይዝና እንደምታዩት ይዘቅጣል።»

«ታዲያ?» አለ አዛዡ።

«ታዲያ ከጆጉ የተገኘው ዝቃጭ ይኸው ነው። የጉድጓድ ውሃ ላይ ዱቄቱ ሲጨመር የተፈጠረ። ጆጉን ደግሞ አዴ ፉዚያ ከጉድጓዱ የሞሉት ሐጂ ከሞቱ በኋላ ነው። የሞተ ሰው በመርዝ አይገደልም። ሰው ለማስወንጀል ነው የተጨመረው። በዚያን ሰዓት ሸምሳ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ነበር፤ መጸዳጃ ቤት እንኳ ብቻዋን አልሄደችም። አዴ ቢሆኑ የዝናብ ውሃ አለመሆኑን ያውቃሉ። ኢያድ ቢሆን የሚሸጠውን ይጨምር ነበር። የጨመረው ሰው ጆጉ እንደ ሕመሙ ጊዜ የዝናብ ውሃ የያዘ፣ ዱቄቱም ሳይታይ የሚሟሟ መስሎታል። እዚህ ቤት የማይኖር ሰው ነው፤ ሬሳ ሲታጠብ የትኛው ውሃ እንደሚቀዳ አያውቅም። ክዳኑን ከፈት አድርጎ፣ ጨምሮ፣ ሳያይ ከደነ። በማግሥቱ ፖሊስ ከፍቶ ነጭ ሆኖ ሲያገኘው ያ ሰው መላ መታ፤ የማይሟሟ የአይጥ መርዝ ነው አለ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ብሎ ሸምሳ ላይ ጣለው።»

«ግምት ነው» አለ ዒምራን። ድምፁ አልተለወጠም።

«አንተ የሰጠኸኝም አለ።» ወረቀቱን ፈታች። «ከቤተ ሙከራህ ባሪየም ክሎራይድ ብለህ በእጅህ የቆነጠርክልኝ።» በአዲስ ብርጭቆ የጉድጓድ ውሃ ላይ ጨመረችው፤ አማሰለች። ውሃው ወተት አልሆነም፤ ጥርት እንዳለ ቀረ። «የወጥ ጨው ነው። እውነተኛውን ወስደህ ጠርሙሱን በጨው ሞላኸው። ሻዩን የቀዳኸው አንተ ነህ። ስኳር ያማሰልክላቸውም አንተ ነህ። የአጎትህን እጅ የመታኸውስ? መራራው ውሃ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን መርዝ ድንጋይ ያደርገዋል፣ ድንጋይ ደግሞ ወደ ደም አይገባም ብለህ ነው። ያንን የሚያውቅ ከአንተ በቀር እዚህ ቤት ማንም የለም።»

ኢያድ ከግራሩ ተላቆ መጣና የወንድሙን ልጅ ፊት ለፊት አየው። «አባትህን?»

«እናቴን ሲያባርራት አባቴ መሆኑን ረስቶት ነበር» አለ ዒምራን። «አረጀች ብሎ፣ ይህችን ለማምጣት። እናቴ ሻኪሶ ወርቅ ስትቆፍር አፈር ተደረመሰባት። ሬሳዋን በአካፋ ነው ያወጣሁት። እሱ ለለቅሶ እንኳ አልመጣም፤ ሠርግ ላይ ነበር።» ፖሊሶቹ እጁን ሲይዙት አልታገለም። ሸምሳን ግን አየ፤ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የመጣውን ፈገግታ ያየ ሰው በሕልሙም አይረሳውም።

«አትደሰቺ» አላት። «እኔ የሰጠሁት አንድ ጊዜ ነው። አንቺ ግን እስኪሞት ድረስ ውሃውን ከለከልሽው። ስንት ጊዜ ለመነሽ? ቁጠሪው። ዕድሜ ልክሽን ቁጠሪው።»

«ውሰዱት» አለች ወለተሐና፤ ዘግይታ ነበር።

መኪናው ሸምሳን ሊወስድ መጥቶ ዒምራንን ይዞ ሄደ። አዛዡም ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉረምርሞ ተከተለ። አዴ ፉዚያ እያለቀሱ ሕፃኑን ሰጧት፤ ሸምሳ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጡቷን ሰጠችው፤ እሱም እየተንሰቀሰቀ ያዘው። የተፈረደላት ሴት ናት፤ ስሟም ልጇም ተመልሶላታል። ዓይኗ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ወለተሐና አጠገቧ ተቀመጠች። በሥራዋ ዘመን ዋሽታ አታውቅም ይባላል። «አትስሚው እህቴ» አለቻት። «ያን ያህል መርዝ ከገባ በኋላ ውሃ ምን ያደርጋል? ብትሰጫቸውም አይተርፉም ነበር።»

ሸምሳ ከብርጭቆው ሥር የዘቀጠውን ነጭ ነገር ረጋ ብላ ተመለከተችው።

«አንቱ ውሸት አይችሉበትም» አለች። «እኔን ያስፈታኝ ይህ ውሃ ነው። አሁን በዓይኔ አሳይተውኛል። እሳቸውንም ያድናቸው ነበር።»

ሕፃኑ ጠብቶ እስኪጠግብ ድረስ ሁለቱም እዚያው ተቀመጡ።